የጭነት መኪና ድርጅት ከአባት ወደ ልጅ እንዲሻገር፦ ለጅማ ባለንብረት ቤተሰቦች የተጻፈ የአደረጃጀት መመሪያ

በጅማ ከተማ በአንድ ግቢ ውስጥ ቆሞ የከረመ የጭነት መኪና ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ሞተሩ ነክሶ ወይም ጎማ ታጥቶለት ነው ብሎ ያስባል። እኔ ግን በሒሳብ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ምንም ያልጎደላቸው፣ ነዳጅ ቢሞላላቸው በዚያው ቀን ቡና ጭነው ወደ አዲስ አበባ መውጣት የሚችሉ መኪኖች ዓመት አልፏቸው ሲቆሙ አይቻለሁ። በሊብሬው ላይ ስሙ የሰፈረው አባት ዐርፏል፤ ልጆቹ መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ ለማውጣት፣ ቀጥሎም ለመከፋፈል ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ፤ የሦስተኛ ወገን መድኑ ጊዜው አልፏል፤ ቦሎው አልታደሰም፤ ባንኩ ግን ወለዱን መቁጠሩን አላቆመም። የራሴ አባት ባረፈ ጊዜም ሁለቱ መኪኖቻችን እንዲሁ አሥራ አራት ወር ቆመዋል፤ አንደኛው ከነተሳቢው የነበሩት 22 ጎማዎች በፀሐይ ተሰነጣጥቀው ነው የተነሣው።

ከጅማ እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሚሌና በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ወደብ ለመድረስ ደግሞ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራል። ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከበደሌ፣ ከቦንጋ የሚሰበሰበው ቡና ይህን መንገድ የሚጓዘው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ዐሥር መኪና ባላቸው የቤተሰብ ባለንብረቶች ትከሻ ላይ ነው። በዓለም ላይ ትልልቅ የመርከብ ድርጅቶች ከአያት እስከ ልጅ ልጅ የዘለቁባቸው ዘዴዎች አሉ፤ ባሕር ለሌለን ለእኛ መርከባችን መኪናው ነውና፣ ከእነዚያ ዘዴዎች ለጅማ የሚሆነውን ከማይሆነው እየለየሁ፣ በአገራችን ሕግ መሠረት ሥራውን ደረጃ በደረጃ እንዴት ማዋቀር እንደሚቻል ከዚህ በታች አስረዳለሁ። የምመክረው ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው፦ የመኪናው ባለቤትነት፣ ሥራውን የመምራት ሥልጣንና ከሥራው የሚገኘው እንጀራ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አባት በሕይወት ሳለ ሦስቱ በወረቀት ካልተለያዩ፣ ከሞተ በኋላ የሚለያያቸው ዳኛ ነው።

መጀመሪያ የማን ምን እንዳለ ይጻፍ

ብዙ ቤተሰቦች ድርጅት ለማቋቋም ሲነሡ በቀጥታ ወደ ጠበቃ ይሄዳሉ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ከባድ ሥራ አለ፤ እርሱም አሁን ያለው ንብረት በእውነቱ የማን እንደሆነ መመዝገብ ነው። ሊብሬው የአንድ ሰው ስም ይዟል ማለት ገንዘቡ የአንድ ሰው ነው ማለት አይደለም። የመጀመሪያው መኪና ከእናት ወርቅ የተገዛ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው በዕቁብ፣ ሦስተኛው ወንድም ከውጭ አገር በላከው ብር። የበኩር ልጅ ደግሞ በረዳትነት ጀምሮ ሃያ ዓመት መሪ ጨብጦ ደመወዝ ሳይቀበል ኖሮ ሊሆን ይችላል።

በእኛ ቤት ሐዘኑ ከተነሣ በኋላ የአባቴ ታናሽ ወንድም ወደ እኔ መጥተው ሁለተኛው መኪና ሲገዛ ግማሹን ብር እርሳቸው እንዳወጡ ነገሩኝ። «ጋሼ፣ ወረቀት አለዎት?» ስላቸው፣ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ከወንድሜ ጋር ወረቀት ምን ያደርግልኛል ብዬ ነበር» አሉኝ። እውነታቸውን እንደነበረ ዛሬም አምናለሁ። ነገር ግን ፍርድ ቤት ማመን የሚችለው ማስረጃን ስለሆነ፣ ከእኛ ከልጆቹ አብዛኞቻችን ብንስማማም አንዷ ስላልተስማማች ነገሩ ለሰባት ወር ያህል ተጓተተ።

ስለዚህ አባትና እናት፣ ለአካለ መጠን የደረሱ ልጆች፣ ገንዘብ ያዋጡ ወንድምና እህት ባሉበት አንድ መዝገብ ይከፈት። በመዝገቡ ላይ የእያንዳንዱ መኪና ሰሌዳ ቁጥር፣ የተገዛበት ዓመት፣ ገንዘቡ ከማን እንደመጣ፣ የቀረ የባንክ ዕዳ፣ ከዘመድ የተወሰደ ብድር፣ እንዲሁም በመኪና ላይ የሠሩ ልጆች ያልተከፈላቸው የድካም ዋጋ ይስፈር። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በብዙ ቤት ስለሚዘለል አጥብቄ አሳስባለሁ። ሳይከፈለው የሠራ ልጅ ልፋቱን እንደ ድርሻ ሲቆጥረው፣ አዲስ አበባ ሄዳ የተማረችው እህት ደግሞ በውርስ እኩል ነኝ ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚታረቁትም የድካሙ ዋጋ በቁጥር ተለይቶ ከውርሱ በፊት ሲቀመጥ ነው።

የትዳር ጓደኛን መብት በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 69/1995፣ እንዲሁም በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በትዳር ዘመን የተፈራ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ እንደሆነ ይገመታል። በመሆኑም ባል በስሙ ያለውን መኪና ለድርጅት መዋጮ አድርጎ ሲያስገባ ሚስት ፈቅዳ መፈረም አለባት። የእናት ፊርማ ሳይኖር የተቋቋመ ማኅበር ከአሥር ዓመት በኋላም ቢሆን በክርክር ሊናወጥ ይችላል።

በየትኛው የማኅበር ዓይነት?

በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ለቤተሰብ ሥራ የሚሆኑ በርካታ አማራጮችን ይዟል። ከመምረጥ በፊት ግን የጭነት ሥራ ከሌላው ንግድ የሚለይበትን አደጋ ማወቅ ያሻል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል፤ ሹፌሩ ለመንዳት ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ይኸው ነው። መኪናው በግቤ ቁልቁለት ፍሬን በጥሶ ሰው ቢገድል፣ አባት ጅማ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ ሳለ ዕዳው የእርሱ ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ቢሆንም፣ የሚሸፍነው እስከ ተወሰነ መጠን ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ባለሊብሬው ቤት፣ ወደ ቡና መጋዘኑና ወደ ሌሎቹ መኪኖች ይዞራል።

ከዚህ የተነሣ የሕብረት ሽርክና ማኅበርን ለጭነት ሥራ አልመክርም፤ ሸሪኮቹ ለማኅበሩ ዕዳ በግል ሀብታቸው ጭምር ተጠያቂዎች ናቸውና። ወንድማማቾች በቃል ተስማምተው አብረው የሚሠሩበት ልማድም በተግባር ከዚያው አደጋ አያመልጥም።

ለአብዛኛው የጅማ ቤተሰብ የሚስማማው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። አባላቱ ከሁለት ያላነሱ ከ50 ያልበለጡ ናቸው፣ ካፒታሉ ከ15,000 ብር ማነስ የለበትም፣ አባላቱም የሚያጡት ያዋጡትን ብቻ ነው። ልጆቹ ገና ትንንሽ የሆኑበት አባት፣ አዲሱ ሕግ የፈቀደውን ባለ አንድ አባል ማኅበር አቋቁሞ መጀመር ይችላል፤ በዚህ ጊዜ እርሱ ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ በቦታው የሚተካውን ሰው አስቀድሞ መሰየም እንዳለበት አይርሳ። ይህን ስም በይሉኝታ የዘመድ አዛውንት አድርገው የሚያስመዘግቡ አሉ፤ መሰየም ያለበት ግን በማግሥቱ ለሹፌር የነዳጅ ገንዘብ መስጠት፣ ከባንክ ጋር መነጋገርና ሥራ ማስቀጠል የሚችል ሰው ነው። አክሲዮን ማኅበር ቢያንስ አምስት አባላትና 50,000 ብር ካፒታል ይጠይቃል፤ ቤተሰቡ የውጭ ሰው ገንዘብ ለማስገባት ካላሰበ በቀር ጣጣው ይበዛበታል።

ስለ 50ው ጣሪያ አሁኑኑ ማሰብ ይገባል። ስድስት ልጆች ያሉት አባት እያንዳንዱ ልጅ አምስት ቢወልድለት የልጅ ልጆቹ 30 ናቸው፤ ልጆቹና የትዳር ጓደኞቻቸው ሲጨመሩ ሦስተኛው ትውልድ ጣሪያው ሥር ይደርሳል። መፍትሔው እያንዳንዱ የልጅ ቅርንጫፍ የራሱን አነስተኛ ማኅበር አቋቁሞ፣ በዋናው ድርጅት ውስጥ እንደ አንድ አባል በአንድ ድምፅ እንዲገባ ማድረግ ነው።

ለእያንዳንዱ መርከብ አንድ ድርጅት፣ ለእያንዳንዱ መኪናስ?

የግሪክ የመርከብ ቤተሰቦች የሚከተሉት አንድ የታወቀ ዘዴ አለ፦ ለእያንዳንዷ መርከብ ለብቻዋ ድርጅት ያቋቁማሉ፣ ሁሉንም የሚያሠማራ አንድ የአስተዳደር ድርጅት ደግሞ ለብቻው ይቆማል። አንዷ መርከብ ግጭት ብታደርስ ወይም በዕዳ ብትያዝ እህቶቿ እንዳይነኩ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ የተፈረመው የመርከቦች እገዳ ስምምነት የአንድ ባለቤት ሌላ መርከብም በእኅቷ ዕዳ እንድትታገድ መፍቀዱ ይህን ልማድ ይበልጥ አስፈላጊ አድርጎታል።

አንዳንድ አማካሪዎች ይህንኑ ለመኪና ሲያቀርቡ ሰምቻለሁ። በእኔ እምነት ለጅማ አይሆንም። ድርጅት የሆነ ሁሉ በግብር ሕጉ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ነው፤ የተሟላ የሒሳብ መዝገብ ይይዛል፣ ሒሳቡን ሰኔ 30 ዘግቶ እስከ ጥቅምት 30 ያሳውቃል፣ ከትርፉም 30 በመቶ ይከፍላል። ስምንት መኪና በስምንት ድርጅት ከተያዘ ስምንት መዝገብና ስምንት ፈቃድ ማለት ነው፤ ወጪው የአንድ መኪናን የወር ገቢ ይበላል።

ከዘዴው መወሰድ ያለበት ፍሬ ነገሩ ነው፤ ይኸውም አደጋዎችን መለየት። ጅማ ውስጥ ሦስት አደጋዎች በአንድ ኪስ ተደባልቀው ይኖራሉ። አንደኛው የመንገድ አደጋ፣ ሁለተኛው የቡና ዋጋ መውረድ፣ ሦስተኛው በመጋዘኑና በመኖሪያ ቤቱ ላይ የተያዘው ዋስትና ነው። የጭነት ሥራው አንድ ማኅበር ይሁን፤ የቡና ንግዱ ካለ ሌላ ማኅበር ይሁን፤ መጋዘኑና የጋራዡ ቦታ በወላጆች ስም ወይም በሦስተኛ ማኅበር ተይዞ ለሁለቱ በጽሑፍ ውል ይከራይ። ቡና በውድ ገዝቶ በርካሽ የሸጠ ዓመት መኪኖቹን ይዞ እንዳይሄድ ይህ በቂ ነው። አቅሙ ሲያድግ ሁሉንም የሚይዝ እናት ኩባንያ ከላይ ማቆም ይቻላል፤ አዲሱ የንግድ ሕግ ስለ ኩባንያዎች ቡድን ደንግጓል። ሦስት መኪና ያለው ቤተሰብ ግን ለዚህ አይቸኩል።

ይህ መለያየት የሚጸናው በዕለት ተዕለት ሥራም ሲከበር ነው። ከጭነት ድርጅቱ ካዝና ለሠርግ ከተወሰደ፣ የቡናው ዕዳ በመኪናው ገቢ ከተከፈለ፣ የወረቀቱ ግድግዳ ከለላነቱን ያጣል። ባንኮችም ለማኅበሩ ሲያበድሩ የአባላትን የግል ዋስትና መጠየቃቸው የተለመደ ነው፤ በዋስትና የፈረመ ሰው ለዚያ ብድር ኃላፊነቱ እንዳልተወሰነ ያውቅ። ቢቻል የሚፈርመው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፣ የመኖሪያ ቤት ካርታም ከመያዣ ውጭ ይቆይ።

መኪኖቹን ወደ ማኅበሩ ማስገባት

መኪና ለማኅበር ሲሰጥ በዓይነት የሚደረግ መዋጮ ነው፤ ስለዚህ ዋጋው መገመት አለበት። ቤተሰብ የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። ከሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ያገለገሉ መኪኖችና የመለዋወጫ ዋጋ ከቀድሞው የግዢ ዋጋ ጋር የሚገናኝ አልሆነም። በርካሽ ዘመን አይሱዙ የገዛው ወንድም በድሮ ዋጋ ተሰልቶለት፣ ትናንት ሲኖትራክ የገዛው በዛሬ ዋጋ ቢሰላለት ቀድሞ የገዛው ይበደላል። ሁሉም መኪና በአንድ ቀን፣ በአንድ ገማች፣ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ይገመት፤ የቀረው የባንክ ዕዳም ከየመኪናው ላይ ተቀንሶ ንጹሑ ዋጋ ድርሻ ይሁን።

ከዚያ በኋላ ያለው የወረቀት ጉዞ ነው፤ ቅደም ተከተሉን የሳተ ሰው ግን ወራት ይቆጥራል። በመኪናው ላይ የባንክ ዕገዳ ካለ የባንኩ የጽሑፍ ስምምነት ይቀድማል። ቀጥሎ የመመሥረቻ ጽሑፉና መተዳደሪያ ደንቡ ውልና ማስረጃ ዘንድ ይረጋገጣሉ፤ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ ይወጣል፤ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይገኛል፤ ሊብሬው ወደ ማኅበሩ ስም ይዞራል። ስሙ በዞረበት ቀን መድኑ በማኅበሩ ስም መታደስ አለበት፤ በአባት ስም ባለ መድን የማኅበሩን መኪና ማሠማራት በአደጋ ጊዜ ከመድን ሰጪው ጋር ያከራክራል። የሹፌሮችና የረዳቶች የሥራ ውልም እንዲሁ ወደ ማኅበሩ ይዛወር፤ የአገልግሎት ዘመናቸው ሳይቋረጥ።

ለዚህ ሁሉ ምቹው ጊዜ ክረምቱ ነው። ቡናው ከጥቅምት ጀምሮ ተለቅሞ፣ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ መኪና የሚያርፍበት ጊዜ የለም፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሒሳቡም ንጹሕ፣ ሰውም ረጋ ያለ ነው።

ድርሻ ለሁሉም፣ መሪው ለአንዱ

በ1945 እ.ኤ.አ. ቾ ቹንግ ሁን የተባሉ ኮሪያዊ በአንድ የጭነት መኪና ኢንቾን ላይ ሥራ ጀመሩ። ያ ሥራ አድጎ ሃንጂን የተባለ ታላቅ ቡድን ሆነ፤ በ1977 እ.ኤ.አ. የመርከብ ድርጅቱ ተመሠረተ። መሥራቹ በ2002 እ.ኤ.አ. ሲሞቱ ቡድኑ ለአራቱ ወንዶች ልጆች ተከፋፈለና መርከቦቹ ለሦስተኛው ደረሱ። እርሱ በ2006 እ.ኤ.አ. ዐረፈ፤ ሚስቱ ተረከበች፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ሥራው ወደ ታላቁ ወንድም ተላለፈ፤ ነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ የፍርድ ቤት ጥበቃ ጠየቀ፤ በየካቲት 2017 እ.ኤ.አ. ከሰረ። በዚያ ዘመን የዓለም የመርከብ ኪራይ ወድቆ ነበርና ዋናው ምክንያት ገበያው ነው። ሆኖም ክፉ ጊዜ የመጣበት ድርጅት በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ እጅ የቀየረና ከወንድሞቹ ሀብት የተነጠለ መሆኑ ቀላል ነገር አልነበረም። የተቃራኒው ምሳሌ ዴንማርክ ነው። ሜርስክ የተባለው የመርከብ ድርጅት መሥራች አርኖልድ ፒተር ሞለር በ1953 እ.ኤ.አ. አንድ ፋውንዴሽን አቋቋሙ፤ አብላጫው የድምፅ መብት በዚያ ተያዘ፤ ስለዚህ ልጅም የልጅ ልጅም ቢለዋወጥ ድርጅቱ አልተቆራረሰም።

የእኛ ቤተሰብ ፋውንዴሽን ላያስፈልገው ይችላል፤ ነገሩ ግን ያው ነው፦ ድርሻው ይከፋፈል፣ ሥራው አይከፋፈል። ስምንት መኪናን ለእናትና ለአምስት ልጆች ማከፋፈል ሥራውን መግደል ነው፤ 800 ድርሻን ማከፋፈል ግን መኪኖቹን ከመንገድ አያወርድም።

የሚሠራ ልጅ በሥራው ደመወዝ ይቀበል፤ ድርሻ ያለው ሁሉ፣ ሠራም አልሠራም፣ የትርፍ ድርሻ ይቀበል። እነዚህ ሁለቱ ከተደባለቁ የሚሠራው «እኔ ለፍቼ እነርሱ ይበላሉ» ይላል፣ የማይሠራው «ምን እንደሚገባ አይነግረንም» ይላል። ሥራ አስኪያጁ በውል የተቀጠረ፣ ደመወዙ በጉባኤ የተወሰነ፣ በየሦስት ወሩ ለሁሉም አባል ሒሳብ የሚያቀርብ መሆን አለበት። ከትርፉም አስቀድሞ የጎማና የሞተር ማደሻ ይነሣ፤ የሚከፈለው ከዚያ የተረፈው ነው። ሥራ አስኪያጁ የግድ የበኩር ልጅ መሆን የለበትም፤ ሴት ልጅም ሆነች ቅጥር ባለሙያ የሚችል ሰው ይያዘው። በጅማ የቡና ላኪዎችን ስልክ የምታነሣው፣ ስምሪቱን የምታውቀው፣ ሒሳቡን የምትይዘው ሴት ልጅ ሆና ሳለ በሹመት ጊዜ ስትዘለል ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ይህ በደልም ነው፣ ኪሳራም ነው። ውጭ አገር ሄዶ ዜግነቱን የቀየረ ልጅ ካለ፣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን አውጥቶ መብቱ ከታየለት በኋላ በአባልነት ይመዝገብ።

በመመሥረቻ ጽሑፉ መስፈር ያለባቸው

ከጽሕፈት ቤት የሚገኘውን የተዘጋጀ ቅጽ ስሙን ብቻ ሞልቶ መፈረም የተለመደ ስሕተት ነው። ቅጹ ለማንኛውም ሱቅ የተጻፈ ነው፤ የእናንተን ቤት አያውቅም።

ድርሻውን መሸጥ የፈለገ አባል መጀመሪያ ለቤተሰቡ እንዲያቀርብ፣ መልስ የሚሰጥበት የቀን ገደብ፣ ዋጋው በማን እንደሚገመት፣ ክፍያውም በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በሦስት ዓመት የሚለው ይጻፍ። ክፍያው በአንድ ጊዜ ይሁን ከተባለ አንድ እህት ስትወጣ መኪና ይሸጣል፤ ስለዚህ በየዓመቱ የሚከፈል ይሁን እላለሁ። አባል ሲሞት ድርሻው ለልጆቹ ይለፍ ወይስ ማኅበሩ ገዝቶ ገንዘቡን ይስጣቸው? ፍቺ ቢመጣ የትዳር ጓደኛው በድርሻው ፋንታ ገንዘብ ይውሰድ ወይስ አባል ይሁን? መኪና ለመሸጥ፣ አዲስ ለመግዛት፣ ከተወሰነ ብር በላይ ለመበደር ስንት ድምፅ ያስፈልጋል? እነዚህ ጥያቄዎች በሠርግ ሰሞን ቢነሡ ያስቀይማሉ፤ አሁን የማንም ስም ሳይጠራ መመለስ ይቻላል።

አለመግባባት ቢነሣ ወዴት እንደሚኬድም ይገለጽ። በጅማ አካባቢ ጃርሱማ፣ የሽማግሌ ዕርቅ፣ የተከበረ ሥርዓት ነው፤ መተዳደሪያ ደንቡ መጀመሪያ ወደ ሽማግሌ፣ በሁለት ወር ካልተፈታ ወደ ግልግል ዳኛ ቢመራው መልካም ነው። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237/2013 በጽሑፍ ለተደረገ የግልግል ስምምነት የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ጭነት ተጭኖ ሳለ ጉዳዩ በመደበኛ ፍርድ ቤት ታግዶ ከሚከርም፣ ሒሳብ የሚያውቅ የግልግል ዳኛ ቢያየው ይሻላል።

ኑዛዜ፣ ሕግና ሸሪዓ

ማኅበር ማቋቋም ኑዛዜን አያስቀርም፤ የሚወረሰው ነገር ከመኪና ወደ ድርሻ ተለወጠ እንጂ ውርሱ ውርስ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ኑዛዜ ከሌለ ወንድና ሴት ሳይለይ፣ በጋብቻ ውስጥ የተወለደና ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሳይባል ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ቀድሞ የሞተ ልጅ ካለ ልጆቹ በእርሱ እግር ይገባሉ። ሚስት የምታገኘው ከጋራ ንብረቱ ግማሿን እንጂ ከልጆች ጋር ወራሽ ሆና አይደለም።

በብዙ ቤት አባት በአልጋ ላይ ሆኖ «ትልቁ መኪና ለአንተ፣ ትንሹ ለእርሷ» ብሎ የተናገረው እንደ ኑዛዜ ይያዛል። ሕጉ ግን የቃል ኑዛዜን በእጅጉ አጥብቦታል፤ ሁለት ምስክሮች ያሻሉ፣ ስጦታው ከ500 ብር ማለፍ የለበትም፣ ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ከሦስት ወር በላይ ከኖረም ይፈርሳል። በእንዲህ ያለ ቃል መኪናም ድርሻም አይተላለፍም። ተናዛዡ በገዛ እጁ የጻፈው ኑዛዜ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ካልተቀመጠ ይፈርሳል። የሚሻለው በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ነው፤ በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ከምስክሮቹ አንዱ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ልጆች አባታቸው በሕይወት ሳለ በወደፊት ውርሱ ላይ እርስ በርስ የሚያደርጉት ውል ግን ሕጉ በግልጽ ካልፈቀደው በቀር ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ «ተስማምተናል» ብሎ መተኛት አይገባም።

በጅማ ሙስሊም ቤተሰቦች ብዙ ስለሆኑ ይህ ነጥብ ለብቻው ይታይ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 የቤተሰብና የግል ጉዳይ በተከራካሪዎች ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል፤ ከወራሾቹ አንዱ ካልፈቀደ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። የሚመጣው ልዩነት ትንሽ አይደለም። የአባት የራሱ ሆኖ የተለየው ድርሻ 400 ቢሆንና ሚስት፣ ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ቢተዉ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ እያንዳንዱ ልጅ 80 ያገኛል። በሸሪዓ ዕዳው ከተከፈለ በኋላ ሚስት አንድ ስምንተኛውን፣ 50 ድርሻ፣ ትወስዳለች፤ ወንዶቹ መቶ መቶ፣ ሴቶቹ ኀምሳ ኀምሳ ይደርሳቸዋል። በኑዛዜ መስጠት የሚቻለውም እስከ አንድ ሦስተኛ፣ ያውም ወራሽ ላልሆነ ሰው ነው። እንግዲህ አባት የትኛው እንዲሆን እንደሚሻ ቤተሰቡን ሰብስቦ፣ ከሃይማኖት አዋቂና ከጠበቃ ጋር ተማክሮ አስቀድሞ ይግለጽ። ለልጆቹ በሕይወቱ ድርሻ መስጠት ከፈለገም ስጦታው በማኅበሩ መዝገብ ላይ ተመዝግቦ፣ በውልና ማስረጃ ተረጋግጦ እንጂ በቃል አይሁን።

ርክክቡ

አባት ድርሻውን ቢያካፍልም የቼክ ፊርማውን እስከ ዕለተ ሞቱ ብቻውን ከያዘ ምንም አልተሻገረም። ሦስት የቡና ወቅት የሚወስድ ርክክብ እመክራለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ተተኪው ስምሪቱንና የነዳጅ ሒሳቡን ይረከባል፣ አባት ይቆጣጠራል። በሁለተኛው ዓመት ቼክ በጣምራ ፊርማ ይሆናል፤ ተተኪው ከቡና ላኪዎች፣ ከባንኩና ከመድን ድርጅቱ ጋር አባት ባለበት ይተዋወቃል። ይህ መተዋወቅ ቀላል አይምሰላችሁ፤ ብዙ ጭነት የሚገኘው በአባት ስም ላይ ባለ እምነት ስለሆነ፣ እምነቱ የሚተላለፈው አባት ራሱ «ከእንግዲህ ከልጄ ጋር ተነጋገሩ» ሲል ነው። በሦስተኛው ዓመት አባት ጉባኤውን ይመራል፣ ይመክራል፣ በዕለት ሥራ ግን አይገባም። ነባር ሹፌሮች በአዲሱ አስኪያጅ ላይ ቅሬታ ይዘው ወደ ሽማግሌው ቤት መምጣታቸው አይቀርም፤ እርሳቸውም ቡና አፍልተው ካስተናገዱ በኋላ ወደ ቢሮ ቢመልሷቸው ርክክቡ ጸና ማለት ነው።

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ጠቅላላ ጉባኤው ሲቀመጥ፣ ሊብሬዎቹ፣ የመመሥረቻ ጽሑፉ፣ የመድን ውሎቹ፣ የባንክ ውሎቹና የኑዛዜው መቀመጫ የተጻፈበት አንድ ዝርዝር ታድሶ በሦስት ቅጂ ይፈረም። አንዱ በቢሮው ካዝና፣ አንዱ በጠበቃው ዘንድ ይሁን። የእኛን ትልቁን መኪና ሊብሬ ሦስት ሳምንት ፈልገን ያገኘነው ከሹፌሩ ወንበር ሥር፣ በመፍቻ ሣጥን ውስጥ ነበርና፣ ሦስተኛው ቅጂ እናት ዘንድ ይቀመጥ።